2.8 ሚ.ሜ የሆነች የባሕር ቀንድ አውጣ ቅሪተ አካል፦ ከየትኛው ቤተሰብ ትመደባለች?

ሰናይት_ጂኦ

ሰላም ለሁላችሁ። ለክፍል ማስተማሪያ ከተቀመጠ የዳናክል ኮራል ድንጋይ ፍርፋሪና አሸዋ ውስጥ አንዲት በጣም ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ወጥታለች። የት እንደምመድባት ስለተቸገርኩ የለካሁትን ሁሉ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ቁመቷ 2.8 ሚ.ሜ፣ ስፋቷ 0.9 ሚ.ሜ ነው። ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ እኔ አድርጌ ስይዛት አፉ በስተቀኝ ይውላል፤ ስለዚህ ቀኝ ዞር ናት። ጫፏ ላይ ያለውን ልሙጥ ክፍል ሳልቆጥር 7 ጥምዝ አላት። የጥምዞቹ ጎን ወደ ጠፍጣፋነት ያደላል፤ መጋጠሚያቸው ግን ጠለቅ ያለ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጥ ያሉ ሸንተረሮች አሏት፤ በመጨረሻው ጥምዝ ላይ 18 ቆጥሬያለሁ። ሸንተረሮቹ የጥምዙ ወገብ (ሰፊው ክፍሉ) ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ከዚያ በታች ያለው መሠረት ልሙጥ ነው። በ40 እጥፍ ማጉላት በሸንተረሮቹ መካከል አግድም መስመር አልታየኝም። አፏ አራት ማዕዘን ለመሆን የቀረበ ነው፤ ከግርጌው ቦይ የለውም፣ የውጪ ከንፈሩም ቀጭን ነው። ኮሉሜላው (ጥምዞቹ የሚዞሩበት የመሃል ምሰሶ) ላይ ጥርስ አላየሁም። ግራ ያጋባኝ ጫፏ ነው። ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ከዛጎሏ ዘንግ ወደ ጎን የተኛ ይመስላል።

ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ያላደገች ሴሪቲየም ናት ይላል፣ ሌላዋ ሪሶይና ናት ትላለች። እኔ ደግሞ በአንድ የቆየ የጁራሲክ ዝርዝር ላይ ኬምኒትዚያ ተብሎ የተሣለውን ትመስለኛለች። ጫፏ ተሰብሮ ነው ወይስ ተፈጥሮዋ ነው? ጥርስ አለመኖሩ ምን ይነግረናል? መለያ ወረቀቱ ላይስ ምን ብዬ ልጻፍ? ወደ 2 ኪሎ የሚሆን ያልታጠበ አሸዋም አለ፤ ጨውና ጀሶ በዝቶበታል፣ እንዴት ብናጥበው ይሻላል?

ጋሽ_ጥምዝ

ሰናይት እህቴ፣ የሰጠሽው መግለጫ ፒራሚዴሊዴ ወደሚባለው ቤተሰብ፣ በውስጡም ወደ ተርቦኒላ ይመራል። ፍርዱን የሚሰጠው ግን ያ ግራ ያጋባሽ ጫፍ ነው። ስለዚህ ሌላ ማንኛውንም ነገር ከማድረግሽ በፊት ጫፉን አትንኪ፣ በመርፌም አትጥረጊው።

ጫፉ ፕሮቶኮንክ ይባላል፤ እንስሳዋ ገና እጭ ሳለች የሠራችው ዛጎል ነው። ከዚያ በኋላ ያደገው፣ ሸንተረር ያለው ክፍል ቴሊዮኮንክ ነው። በአብዛኞቹ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛሉ። በፒራሚዴሊዴና በዘመዶቹ ግን የእጩ ዛጎል ግራ ዞር ሆኖ ይጀምራል፣ ከለውጡ በኋላ የሚያድገው ቀኝ ዞር ይሆናል። በዚህ ምክንያት ፕሮቶኮንኩ በቴሊዮኮንኩ አናት ላይ በጎኑ የተኛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጠባይ ሄትሮስትሮፊ ይባላል። ስብራት አይደለም።

ከስብራት የምትለይበት ዘዴ ይህ ነው። የእውነተኛ ፕሮቶኮንክ ገጽ ክብና ልሙጥ ነው፣ የራሱ ጥምዝ አለው፣ ሸንተረሮቹ የሚጀምሩበት ድንበርም እንደተሠመረ መስመር ስል ሆኖ ይታያል። ጫፉ የተሰበረ ዛጎል ግን ብዙውን ጊዜ እንስሳዋ ራሷ ከውስጥ በቀጭን ግድግዳ የደፈነችው ጠፍጣፋ ክዳን ይኖረዋል፤ ጥምዝ የለውም፣ ሸንተረሮቹም እስከ ስብራቱ ጠርዝ ድረስ በሙሉ መጠናቸው ይደርሳሉ። ከፍ ካለው ጥምዝ ጀምሮ ሸንተረሩ በድንገት ወፍራም ሆኖ ካገኘሽው ጫፉ የለም ማለት ነው።

አሁን የጓደኞችሽን ሐሳብ እንመልከት። ሴሪቲየም በልጅነቱም ቢሆን ከአፉ ግርጌ አጭር ቦይ አለው፤ አንቺ ደግሞ ቦይ የለም ብለሻል። ይህ ብቻውን ሴሪቲየምን ያስወጣል። ሪሶይና ቁመቷም ሸንተረሯም ሊያሳስት ይችላል፤ ነገር ግን የውጪ ከንፈሯ ወፍራም ነው፣ አፏ ወደ ግማሽ ክብ ያደላል፣ ከግርጌው ጥልቀት የሌለው ስርጉድ አለ፣ ጫፏም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሴሪቲዮፕሲስም ትጠቀሳለች፤ እሷ ግን በአግድም በተደረደሩ ጉብታዎች የተሸፈነች ናት። ያላደገ ቱሪቴላ ደግሞ ቋሚ ሳይሆን አግድም ሸንተረር ነው ያለው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ኤፒቶኒዴ ነው፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የኤፒቶኒየም ሸንተረሮች በየጊዜው የቆመ የአፍ ጠርዝ ቅሪት ስለሆኑ እንደ ስስ ቅጠል ይነሣሉ፣ አፉም ዙሪያውን ሳይቋረጥ የተከበበ ክብ ነው። የተርቦኒላ አፍ ከላይ በኩል ከቀደመው ጥምዝ ጋር ይጣበቃል፣ ጠርዙም እዚያ ላይ ይቋረጣል። የኤፒቶኒየም ጫፍ ሾጣጣና ቀጥ ያለ ነው። ሦስቱን አብረሽ ካየሽ አታምታቺም።

ሄትሮስትሮፊ ያለው ቤተሰብ ግን ፒራሚዴሊዴ ብቻ አይደለም። ማቲልዲዴ ጫፉ የተኛ ነው፤ ጌጡ ግን ጠንካራ አግድም ገመዶች ናቸው። አርኪቴክቶኒሲዴ ዝቅ ያለና እምብርቱ ሰፊ ነው። አክቲዮኒዴ እንቁላል መሰል ሆኖ በነጠብጣብ የተሞሉ አግድም ጭረቶች አሉት። ኢባላና ዘመዶቿ ያሉበት ሙርኪሶኔሊዴ ደግሞ ብርጭቆ የመሰለ ቀጭን ዛጎልና የተጣመመ የእድገት መስመር አለው። ያንቺ ከነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አይሄድም።

ስለ ጥርሱ፦ በፒራሚዴሊዴ ውስጥ ጥርስ የሚባለው በኮሉሜላው ዙሪያ የሚዞር እጥፋት ነው። ፒራሚዴላ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ እጥፋት አላት። ኦዶስቶሚያ አንድ አላት፤ ዛጎሏ አጠርና ደልደል ያለ፣ ልሙጥ ነው። ሲርኖላ ረጅምና ልሙጥ ሆና አንድ እጥፋት አላት። ዩሊሜላ ረጅምና ልሙጥ ሆና እጥፋት የላትም። ክሪሳሊዳና የቅርብ ዘመዶቿ ቋሚና አግድም ጌጥ ያላቸው፣ ጥርስም ያላቸው ናቸው። ሲንጉሊና በወፍራም አግድም ገመዶች ትታወቃለች። ተርቦኒላ ቋሚ ሸንተረር አላት፣ እጥፋቷ ደካማ ነው ወይም ከውጪ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ጥርስ አለማየትሽ ተርቦኒላን አያስወጣም፤ እንዲያውም ይስማማል። ሆኖም አፉ በአሸዋ ተሞልቶ ከሆነ እጥፋቱ ተደብቆ ይሆናል። ዛጎሏን ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ግራ አዘንብለሽ ወደ ውስጥ ተመልከቺ። ለማየት ብለሽ ከንፈሩን አትስበሪ፤ ከዚያው አሸዋ የተሰበረች ሁለተኛ ዛጎል ከተገኘች በእሷ ይታያል።

ሁለት ነገር አድርገሽ ተመለሺ። አንደኛ፣ የጫፉን አንግል ለኪ። የቴሊዮኮንኩን ዘንግ በፎቶው ላይ በመስመር አስምሪ፣ የፕሮቶኮንኩንም ዘንግ አስምሪ፣ በመካከላቸው ያለውን አንግል ውሰጂ። ሁለቱም ዘንጎች በአንድ የትኩረት ደረጃ ላይ ካልዋሉ አንግሉ ያሳስታል፤ ስለዚህ ዛጎሏን በራሷ ዘንግ ላይ ትንሽ ትንሽ እያዞርሽ የፕሮቶኮንኩ ጎን ሙሉ በሙሉ የሚታይበትን ቦታ ፈልጊ። ሁለተኛ፣ መብራቱን ከላይ አንሺና ከግራ በኩል በጣም ዝቅ አድርገሽ፣ ከ15 ዲግሪ በታች አብሪባት። ከላይ በሚወርድ ብርሃን ደቃቅ አግድም ጭረት ጭራሽ አይታይም፤ የለም ያልሽውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ወንፊት_27

እኔ ስለ አጠባው ልናገር። ከጨዋማ ቦታ የመጣ አሸዋ ላይ ብዙ ጥሩ ዛጎል የሚጠፋው በማጠቢያው ነው።

መጀመሪያ አሸዋው ከደረቀ እንደ ደረቀ አታቆዩት። በዛጎሉ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረ ጨው እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሟሙቶ ሲደርቅ እንደገና ክሪስታል ይሠራል፤ ክሪስታሉ ሲያድግ የዛጎሉን ገጽ እየገፋ ይቀርፈዋል። መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ጋሽ ጥምዝ አትንኩት ያሉት ልሙጥ ጫፍ ነው።

200 ግራም ያህል በአንድ ጊዜ በ2 ሊትር የቧንቧ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። በእጅ አትሹት፤ ባልዲውን ቀስ አድርጎ ማዞር ይበቃል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውሃውን በ0.25 ሚ.ሜ ወንፊት ላይ አፍስሱና ለውጡ። የገበታ ጨው በሦስት ወይም በአራት ቅያሪ ይወጣል። ጀሶው ግን ግትር ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ከ2 እስከ 2.5 ግራም ያህል ብቻ ነው። 20 ግራም ጀሶ ያለበት ናሙና ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተደጋጋሚ ቅያሪ። ማብቂያውን በግምት አትወስኑ። የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ካለ የመጨረሻውን ዝፍዝፍ ውሃ ከንጹሕ የቧንቧ ውሃ ጋር አወዳድሩ፤ ከአንድ ሌሊት በኋላ ሁለቱ ከተቀራረቡ ይበቃል።

ጨርሶ ማድረግ የሌለባችሁ፦ ኮምጣጤም ሆነ ማንኛውም አሲድ። ዛጎሉ አራጎናይት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የ2 ማይክሮን ጭረት በደካማ አሲድ በደቂቃዎች ይጠፋል። የተጣራ ውሃም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ በትንሹ አሲዳማ ነው፤ ለማለቅለቅ እንጂ ለቀናት ለመዘፍዘፍ አይሆንም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብዙ ሰው ይመክራል፤ ናሙናው ውስጥ ፒራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ካለ ግን ኦክሲጅን ሲያገኝ አሲድ ስለሚያወጣ ዛጎሉ ይበላል። ጭቃው አልፈታ ካለ በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውሃ 5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ካልበቃ ከጨው የጸዳውን ናሙና ሙሉ በሙሉ አድርቃችሁ ድጋሚ ዘፍዝፉት። መድረቅና መርጠብ ብቻውን ሸክላውን ይፈታዋል።

ከዚያ በሦስት ወንፊት ለዩ፦ 1 ሚ.ሜ፣ 0.5 ሚ.ሜ እና 0.25 ሚ.ሜ። ያቺ ዛጎል 2.8 ሚ.ሜ ቁመት ቢኖራትም ስፋቷ 0.9 ስለሆነ በቁሟ ስትቆም በ1 ሚ.ሜ ወንፊት ታልፋለች። ያላደጉትና የተገነጠሉ ጫፎች ደግሞ 0.5ቱንም ያልፋሉ። 0.25ን የሚተው ሰው የሚፈልገውን ነገር ከማጠቢያው ጋር ይደፋዋል። ማድረቂያው ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አይለፍ፤ ጀሶ ከቀረበት በሙቀት ውሃውን እየለቀቀ ይፈርስና ዛጎሉ ላይ ነጭ ዱቄት ይለጥፋል።

ለመልቀም ከ10 እስከ 20 እጥፍ ማጉላት ይበቃል። ናሙናውን በጥቁር ሳህን ላይ አንድ እህል ውፍረት ብቻ አድርጋችሁ በትኑ። ቁጥር 000 ብሩሽ በውሃ ነክታችሁ ዛጎሉን በእርጥበቱ አንሡት። በወረንጦ አይነሣም፤ ወይ ይሰበራል ወይ ተስፈንጥሮ ይጠፋል። በድምፅ ሞገድ የሚያጸዳ መሣሪያ ካላችሁ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ፣ ያውም ትርፍ ናሙና ላይ ሞክራችሁ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ዛጎል በ10 ሴኮንድ ሊፈነዳ ይችላል።

ማስቀመጫው ደግሞ የእንጨት መሳቢያ ወይም ተራ ካርቶን አይሁን። ከእንጨቱ የሚወጣው የአሴቲክ አሲድ ትነት ዛጎሉን ወደ ነጭ ዱቄት ጨው ይለውጠዋል፤ ትንሽ ዛጎል ከሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ምንም ላይቀር ይችላል። የብርጭቆ ጠርሙስ ወይም የማይክሮፓሊዮንቶሎጂ (የጥቃቅን ቅሪተ አካላት) ስላይድ ይሻላል። ስላይድ ላይ ለማጣበቅ በውሃ የሚለቅ ሙጫ እንጂ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ።

ሰናይት_ጂኦ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ መብራቱን ዝቅ አድርጌ አየሁት። በሸንተረሮቹ መካከል በጣም ደቃቅና የተጠጋጉ አግድም ጭረቶች አሉ፤ መሠረቱም ላይ እንደዚያው። በሸንተረሮቹ ጀርባ ላይ ግን አይታዩም። አንግሉ 110 ዲግሪ ያህል ነው። የፕሮቶኮንኩ ስፋት 290 ማይክሮን፣ ከውጪ የሚታየው አንድ ጥምዝ ተኩል ነው። አፉ ባዶ ነው፤ አዘንብዬ ሳየው እጥፋት የለም። ታዲያ ስሟን መጻፍ እችላለሁ? ከፕሮቶኮንኩስ እጯ በባሕር ላይ ተንሳፋ ትኖር እንደነበር ማወቅ ይቻላል?

ጋሽ_ጥምዝ

ቤተሰቡ ተረጋግጧል፤ ጂነሱም (ከቤተሰብ በታች፣ ከዝርያ በላይ ያለው ደረጃ) በሰፊው ትርጉሙ ተርቦኒላ ነው። ጭረቶቹ ደግሞ አንድ ደረጃ ወደፊት ይወስዱሻል። በዚህ ቡድን ውስጥ ከሸንተረሮቹ ይልቅ በሸንተረሮቹ መካከል ያለው ነገር ነው የሚለየው። ምንም አግድም ጌጥ ከሌለና ሸንተረሩ ወገቡ ላይ በድንገት ከቆመ ኬምኒትዚያ ይባላል። ምንም አግድም ጌጥ ሳይኖር ሸንተረሩ መሠረቱ ላይ ቀስ እያለ ከጠፋ በጠባቡ ትርጉም ተርቦኒላ ነው። ደቃቅና የተጠጋጉ ጭረቶች ካሉ ስትሪዮተርቦኒላ፣ በግልጽ የተቆፈሩ ጥቂት መስመሮች ካሉ ፒርጊስከስ። ያንቺ ወደ ስትሪዮተርቦኒላ ትሄዳለች። በመጀመሪያው መብራት ብትቀሪ ኖሮ ኬምኒትዚያ ብለሽ ትጽፊያት ነበር፤ ያረጁና የተፋቁ ዛጎሎች በስህተት ኬምኒትዚያ የሚሆኑትም በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ነው ገጹ የተፋቀ ዛጎል ላይ ጭረት የለም ማለት የማይቻለው፤ አልተጠበቀም ነው የሚባለው።

ስለ እጩ፣ ጫፉ ቀጥ ያለ ቀንድ አውጣ ቢሆን ኖሮ ጥያቄሽ በቀላሉ ይመለስ ነበር። ብዙ ጠባብ ጥምዝና ትንሽ መነሻ ያለው ፕሮቶኮንክ በፕላንክተን እየተመገበ ረጅም ጊዜ የተንሳፈፈ እጭን፣ ጥቂት ጥምዝና ትልቅ መነሻ ያለው ደግሞ በአስኳል የተመገበና አጭር ጊዜ የቆየን ያመለክታል። በሄትሮስትሮፊ ግን መነሻው በመጀመሪያው የቴሊዮኮንክ ጥምዝ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር ከውጪ የሚታየው አንድ ጥምዝ ተኩል ሙሉውን ቁጥር አይሰጥሽም። በማይክሮ ሲቲ ስካን ወይም በታሰበበት ስብራት ካልሆነ መነሻው አይለካም። አሁን ባለሽ መረጃ ስለ እጩ ምንም አትጻፊ።

አንግሉን ግን ጻፊው። የአውሮፓ ተመራማሪዎች የፒራሚዴሊዴ ፕሮቶኮንክን ኤ፣ ቢ እና ሲ እያሉ በሦስት ይመድባሉ። በኤ ጫፉ ወደ ጎን የተኛ ነው፤ በሲ አብዛኛው ተውጦ ትንሽ ልሙጥ አንጓ ብቻ ይታያል። 110 ዲግሪ ወደ ኤ ይገባል። ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን መጻፍ ይሻላል።

ዝርያውን በአንድ ዛጎል አትሰይሚ። የሸንተረር ቁጥር በአንድ ዝርያ ውስጥም ይለያያል፣ በአንድ ዛጎል ላይም ከጥምዝ ጥምዝ ይጨምራል። አሸዋው ከታጠበ በኋላ ቢያንስ 10 ሙሉ ዛጎሎች ለማግኘት ሞክሩ፤ በየዛጎሉ ቁመት፣ ስፋት፣ የቴሊዮኮንክ ጥምዝ ብዛት፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው ጥምዝ ላይ ያለ የሸንተረር ብዛትና የፕሮቶኮንክ ስፋት መዝግቡ። የሸንተረሩን ቁጥር ከመጨረሻው ጥምዝ ይልቅ ከሱ በፊት ካለው መውሰድ ይመረጣል፤ የመጨረሻው ጥምዝ ከአፉ አጠገብ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል ወይም የተሰበረ ነው። ጥምዝ ያነሳቸውን ዛጎሎች ከሙሉዎቹ ጋር አትደምሩ፤ ያላደገ ተርቦኒላ ወገቡ ማዕዘናማ ስለሆነ ሌላ ዝርያ ይመስላል።

ስም_እና_ደንብ

ጋሽ ጥምዝ በሰፊው ትርጉሙ ብለው ያለፉትን ትንሽ ልግፋበት፤ ምክንያቱም የዚህ ቤተሰብ ምደባ በዛጎል ብቻ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ተርቦኒላ በ1826 በሪሶ፣ ኦዶስቶሚያ በ1813 በፍሌሚንግ የተሰየሙ ናቸው። ቤተሰቡ ራሱ የግሬይ ነው፣ 1840። በ1909 ዳልና ባርትሽ የምዕራብ አሜሪካን ፒራሚዴሊዶች ሲያጠኑ ተርቦኒላንና ኦዶስቶሚያን በጥቃቅን ጌጥ እየለዩ በብዙ ንዑስ ጂነሶች ከፋፈሏቸው። ከላይ የተዘረዘሩት ስሞች የሚሠሩበት መንገድ በአብዛኛው ከዚያ ሥራ የወጣ ነው። ለመለያ ይጠቅማል፤ የዝምድና ማስረጃ ግን አይደለም። ቋሚ ሸንተረር በተለያዩ የዘር መስመሮች ደጋግሞ የሚመጣ ጌጥ ነው።

ቤተሰቡ በትልቁ ዛፍ ላይ የት ይቀመጣል የሚለውም ብዙ ተንቀሳቅሷል። ለረጅም ጊዜ ከፊት ጊል (በውሃ ውስጥ መተንፈሻ አካል) ካላቸው ቀንድ አውጣዎች ጋር ይቆጠር ነበር። በ1949 ፍሬተርና ግራሃም እንስሳዎቹን ቀድደው ሲያዩ ራዱላ የሚባለው የምግብ መፋቂያ እንደሌላቸው፣ በምትኩ እንደ መርፌ ባለ አካል ወግተው ከሌሎች እንስሳት የሰውነት ፈሳሽ እንደሚመጥጡ ገለጹ፤ የአካላቸው አሠራርም ወደ ኦፒስቶብራንኪያ (ከኋላ ጊል ወዳላቸው) እንደሚወስዳቸው አሳዩ። በ1985 ሃስፕሩናር ሄትሮብራንኪያን እንደ ትልቅ ቡድን ሲያቋቁም የተገለበጠው የእጭ ዛጎል ከመለያዎቹ አንዱ ሆነ። በ2010 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ፒራሚዴሎይዲያን (ፒራሚዴሊዴን የያዘውን ቡድን) ከሌሎች ሁለት የቀንድ አውጣ ቡድኖች፣ ከአምፊቦሎይዲያና ከግላሲዶርቦይዲያ ጋር፣ ከየብስ ቀንድ አውጣዎች ዘመዶች መካከል አስቀመጠው። በ2017 ክለሳ ይህ ቡድን ፓይሎፑልሞናታ ተብሎ ይታያል። ባሕር ውስጥ የምትኖር ጥገኛ የሆነችው ተርቦኒላ ከባሕር ጎረቤቷ ከሴሪቲየም ይልቅ በግቢያችን ውስጥ ለምናያት ቀንድ አውጣ ትቀርባለች ማለት ነው። ይህንን ደግሞ ቅሪተ አካሏ ላይ የሚነግረን ያ የተኛ ጫፍ ብቻ ነው።

ጥገኛ መሆኗ ለቅሪተ አካል ሥራም ትርጉም አለው። የሚመገቡት ከባለሁለት ክፍል ዛጎሎችና ከባሕር ትሎች ስለሆነ ከአንድ ቦታ የተወሰደ አሸዋ አንድ ዝርያ በብዛት፣ ጥቂት ሜትር ርቆ ያለው ደግሞ ምንም ላይሰጥ ይችላል። አሸዋው ውስጥ ምን ዓይነት ባለሁለት ክፍል ዛጎል እንዳለም መዝግቢ።

መለያውን በተመለከተ በላቲን ፊደል፣ ጂነሱን ጽፈሽ ንዑስ ጂነሱን በቅንፍ፣ ከዚያ ስፒ. (sp.፣ ዝርያው አልተለየም) ብለሽ ተይው። ከታወቀ ዝርያ ጋር ተመሳስላ ነገር ግን ማረጋገጥ ካልቻልሽ ሲኤፍ. (cf.)፣ ዘመድ ሆና ግን የተለየች ከመሰለሽ አፍ. (aff.) የሚሉት ምልክቶች አሉ። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ሲኤፍ. ጥርጣሬን፣ አፍ. ደግሞ ልዩነትን ነው የሚናገረው። ከዳናክል ኮራል ድንጋይ የወጣች ዛጎል ዛሬም በቀይ ባሕር የሚኖር ዝርያ የመሆን ዕድሏ ከፍተኛ ስለሆነ አዲስ ስም ከማሰብ በፊት የሕያዋኑን መመልከት ይቀድማል። ኢሴል በ1869 ስለ ቀይ ባሕር፣ ሜልቪል በ1910 ስለ ፋርስ ባሕረ ሰላጤና ስለ ሰሜን ዓረብ ባሕር ፒራሚዴሊዶች ያወጧቸው ሥራዎች መነሻ ናቸው። ሥዕሎቻቸው ግን ትንሽ ናቸው፤ በሥዕል ብቻ አትወስኚ።

ጋሽ_ጥምዝ

በንዑስ ጂነሱ ላይ አንድ ልዩነት አለኝ። ስትሪዮተርቦኒላን በቅንፍ ማስገባት የተሰየመ ዝምድና ያስመስላል፤ አንዳንዶች ደግሞ ራሱን የቻለ ጂነስ አድርገው ይጠቀሙበታል። እኔ ብሆን መለያው ላይ ተርቦኒላ ብቻ እጽፍና ከሥሩ፣ በሸንተረሮች መካከል ደቃቅ አግድም ጭረት አለ ብዬ እጨምራለሁ። ስም ሊቀየር ይችላል፤ የታየው ነገር ግን አይቀየርም።

ሕንጣሎ

ስለ ዕድሜውና ስለ ጁራሲኩ ዝርዝር ልጨምር።

በድሮ የጁራሲክ ሥራዎች ላይ ኬምኒትዚያ የሚለው ስም ለማንኛውም ረጅምና ሾጣጣ ቀንድ አውጣ ይሰጥ ነበር፤ ብዙ ሴንቲሜትር የሚረዝሙትንም ጨምሮ። ከነዚያ አብዛኞቹ ዛሬ ፕሱዶሜላኒያና ሌሎች ቡድኖች ውስጥ ናቸው፤ ከፒራሚዴሊዴ ጋር ዝምድና የላቸውም። በሸንተረራቸው ቁርጥ ተርቦኒላን የሚመስሉት ዚጎፕሌውሪዴም ጫፋቸው ቀጥ ያለ ነው። የሥዕል መመሳሰል ብቻ ነው ያየሽው።

በእኛ አገር ይህንን በጁራሲክ ድንጋይ ላይ ማጣራት ከባድ ነው። የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ፣ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የተጓዘው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ በ1870 ስም ያወጣለት፣ ቀንድ አውጣዎች አሉት። ነገር ግን አራጎናይታቸው በአብዛኛው ሟሙቶ ቅርጹ ብቻ ቀርቷል ወይም በካልሳይት (በሌላ የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) ተተክቷል። የ300 ማይክሮን ጫፍ ከዚህ ለውጥ አይተርፍም። ባዶ ቅርጽ ከተገኘ በሲሊኮን ጎማ ተሞልቶ ጌጡ ይታያል፤ ጫፉ ግን ብዙ ጊዜ አይወጣም። የዳናክሉ ናሙና ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዕድሜውን በተመለከተ ከዛጎሏ አትጠብቁ። የዩራኒየምና ቶሪየም ዘዴ በኮራል ላይ ይሠራል፤ የቀንድ አውጣ ዛጎል ግን ከሞተ በኋላም ዩራኒየም ከውጪ ስለሚወስድ ቁጥሩ አስተማማኝ አይሆንም። ራዲዮካርቦን ደግሞ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ አይዘልቅም። በኤርትራ ጠረፍ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ያለው የአብዱር ኮራል 125 ሺህ ዓመት ገደማ መሆኑ በ2000 ታትሟል። ዳናክል ውስጥ ግን ቀይ ባሕር የገባው ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሆነ ያንን ዕድሜ እንዲሁ ወደ ናሙናችሁ አታዛውሩት። ከዚያው ንብርብር ያልተለወጠ ኮራል ያስፈልጋል፤ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ማዕድን መለያ ዘዴ) ካልሳይቱ ከ1 ወይም ከ2 በመቶ ያነሰ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ሌላው፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የቦታ መረጃ ሳይቀንስ ወደ መለያው አስተላልፉ፦ የካርታ መጋጠሚያ ነጥብ (ኬክሮስና ኬንትሮስ)፣ ከባሕር ወለል በታች ስንት ሜትር፣ ከንብርብሩ ግርጌ ስንት ሴንቲሜትር፣ ማን መቼ እንደሰበሰበው። ተጨማሪ አሸዋ ለማምጣት ካሰባችሁ ቅሪተ አካል በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ስለሆነ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብሎ ወደ ውጭ መላክም እንደዚያው።

ሰናይት_ጂኦ

መለያውን ጋሽ ጥምዝ ባሉት መንገድ ጻፍኩት። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ዕድል ብናገኝ ዛጎሏን በወርቅ መቀባት ይኖርብናል?

ወንፊት_27

መሣሪያው በዝቅተኛ ቫክዩም የሚሠራ ከሆነ ሳትቀባ ትታያለች፤ መጀመሪያ ይህንን ጠይቁ። መቀባት ግድ ከሆነ 10 ናኖሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደቃቁን ጭረት ይሞላዋል። ባለ ካርቦን ቴፕ ላይ በጎኗ አትጣሏት፤ ስትነቀል ከንፈሩ ይቀራል። በውሃ በሚለቅ ሙጫ ጠብታ መሠረቷ ላይ ብቻ አቁሟት፣ ጫፏ ነጻ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ አራት ፎቶ አንሡ፦ አፏ ከፊት፣ ጀርባዋ፣ የቀኝ ጎኗ፣ ጫፏ ከላይ። ለእያንዳንዱ ትኩረቱን ትንሽ ትንሽ እየቀየራችሁ ከ20 እስከ 30 ምስል ወስዳችሁ አዋህዱ፤ ሚዛን መስመሩም በዚያው ማጉላት የተነሣ ይሁን። እነዚያ ፎቶዎች ተቀምጠው ካልተረጋገጡ ዛጎሏ ከስላይዷ አትነሣ።